ይርሳውና የቡሬው ቅምሻ

ይርሳው እጅጉ ከቤቱ ሲወጣ ሚስቱን «የነገ እራቴን አቆዪኝ» ብሏት ነበር። እራቱ አርባ ቀን ቆየ።

ይርሳው የሾላ ሜዳ ገበሬ ነው። ሾላ ሜዳ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንላት፣ ያኔ ግን ወጀት ትባል ከነበረችው ከተማ ወዲህ፣ ከቡሬ የአንድ ቀን መንገድ የምትርቅ መንደር ናት። ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት፣ አንድ ጭነት በርበሬ በአህያ ጭኖ ቡሬ ደረሰ። በርበሬውን የምሽጉ ወጥ ቤት ገዛው። አህያይቱን ከበሩ ውጭ ካለ ግራር ላይ አስሮ፣ ስልቻውን ተሸክሞ ገባ። ስልቻውን አራግፎ ሳይጨርስ ከጉብታው ማዶ አርበኞች ተኩስ ከፈቱ፤ የጣሊያኑ ሻለቃም ከተማዋን በከበበው እሾኻማ ሽቦ ላይ የነበረውን ብቸኛ በር ዘጋ።

አዘጋጉም ዝም ብሎ አዘጋግ አልነበረም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያለ ይለፍ ወረቀት ድመት እንኳ እንዳትወጣ ታዘዘ። ሁለት ድመቶች ሞክረው አንደኛዋ በጥይት እንደተመታች፣ ሁለተኛዋ ግን ብልህ ስለነበረች ወረቀት ልትጠይቅ እንደተሰለፈች ይወራል፤ ስለ ሁለተኛዋ የሚምል ሰው ግን አልተገኘም። የይርሳው አህያ ለወረቀት ደንታ አልነበራትም። እስኪመሽ ጠብቃ ገመዷን አኝካ በጠሰችና፣ ባዶ ጀርባዋን ይዛ ወደ ሾላ ሜዳ መንገድ ጀመረች።

ይርሳው በማግስቱ ወረቀት ሊጠይቅ ሄደ። የሻለቃው አስተርጓሚ ገብረ ሕይወት የሚባል፣ ቆቡን እንደ ታቦት የሚያከብር ሰው ነበር። ጉዳዩን በትዕግሥት ሰምቶ «በቅርብ ቀን ይሰጥሃል» አለው። በሳልስቱም እንዲሁ አለው። በሳምንቱ ይርሳው የምሽጉ ዳቦ ቤት የዱቄት ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ተገኘ፤ ማን እንደቀጠረው ግን አያውቅም። ሌሊት የሚተኛው እዚያው ጆንያ ላይ ነው። ከጸጉሩ እስከ ጥፍሩ ነጭ ሆኖ፣ ሲያስነጥስ ለሦስት ሰው ቂጣ የሚሆን ዱቄት ይወጣው ነበር።

መውጫ ግን አልጠፋም። ከከብት ማረጃው በስተጀርባ ጅረቱ ከሽቦው ሥር የሚያልፍበት ቦታ አለ። አንድ ቀጭን ሰው በሆዱ ተስቦ ይወጣል፤ ይርሳውም በምሽጉ ቀለብ ላይ በቂ ቅጥነት አግኝቶ ነበር። ችግሩ ዘበኞቹ ናቸው፤ ቀንም ሌትም አይነሱም። ከእሁድ ከሰዓት በስተቀር።

እሁድ ከሰዓት ሲኒማ አለ።

የሲኒማው ሰው ፔፖ ይባላል፤ አጭር፣ ላብ የማይለየው፣ ሁልጊዜ የተቆጣ የሚመስል ግን ዝንብ የማይነካ ጣሊያን ነው። አለቆቹ «ሕዝቡ ሲኒማ ይይና መንግሥታችንን ይውደድ» ብለው ከመኪና ጋር ላኩት። ማሽኑን የጫነው መኪና ቡሬ ገባ። የፊልሞቹን ሣጥን የጫነው ሁለተኛው መኪና ግን ኋላ ቀርቶ ነበርና፣ አርበኞች ድልድይ ሲሰብሩበት ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሰ። ፔፖ እጅ ላይ የቀረችው አንዲት ቆርቆሮ ብቻ ናት። እሷም ፊልም የለባትም፤ ወደፊት የሚታዩት ፊልሞች እንዲናፈቁ ከየአንዳንዳቸው ተቆርጦ የተቀጠለ ትንሽ ትንሽ ነገር ነው ያለባት። የቡሬ ሰው ይህን ነገር ለማወቅ ብዙ አልደከመም። ጠላ ሲጠመቅ ጎረቤት እየመጣ በቅል እንደሚቀምሰው ነው አለና፣ ስሙን «ቅምሻ» አለው።

ሻለቃው ሲኒማ ይታይ ስላለ ሲኒማ መታየት አለበት። የእህሉ መጋዘን መስኮቶች በበሬ ቆዳ ተሸፈኑ፤ ብርሃን እንዳይገባ በሩ ተዘግቶ ከውጭ ተቀረቀረ። ሁለት መቶ ሰው ጤፍ ጆንያና ቅቤ በሚሸት ጨለማ ውስጥ ታጨቀ። ዘበኞቹም ሽቦውን ትተው ገቡ፤ የዘበኞቹ አለቃም «ለምን ትታችሁ ገባችሁ» ሊላቸው ገብቶ ቀረ።

በመጀመሪያው እሁድ ይርሳው ዕቅዱን ጨርሶ ነበር። ሁሉም ሲገባ እሱ በማረጃው በኩል ይወጣል። ነገር ግን ሰው ሁሉ እየተጋፋ የሚገባበትን ነገር ሳያዩ መሄድ ለሚስትም ለመንገር አይመችም። አንዷን ብቻ አይቼ በሩ ሳይዘጋ እወጣለሁ ብሎ ጫፍ ላይ ቆመ።

ግድግዳው ላይ በተወጠረው ነጭ አንሶላ ላይ አንድ ፈረሰኛ መጣ። ከኋላው አሥራ ሁለት ሰዎች ያሳድዱታል። ከፊቱ ገደል አለ፤ የዓባይን ሸለቆ የሚያስንቅ ገደል። ፈረሱ ተፈናጠረ፤ አራቱም እግሮቹ አየር ላይ ሆኑ፤ የፈረሰኛው ባርኔጣ ወለቀ። ከዚያ ፈረሱ ጠፋና ጽሑፍ መጣ። ገብረ ሕይወት ከጎን ቆሞ አነበበው፦ «ይሻገር ይሆን? በቅርብ ቀን።»

ቀጥሎ አንዲት ሴት ደብዳቤ ከፈተች፤ ፊቷ እንደ ደመና ጠቆረ፤ ደብዳቤው ከእጇ ወደቀ። በቅርብ ቀን። ቀጥሎ መርከብ ተሰበረ፤ አንድ አባት ልጁን ወደ ጀልባ ወረወራት። በቅርብ ቀን። ይርሳው ወደ ልቡ ሲመለስ በሩ ከተቀረቀረ ቆይቷል፤ ሲከፈት ደግሞ ዘበኞቹ ከሁሉ ቀድመው ወጥተው ሽቦው ላይ ናቸው።

ያን ሳምንት ቡሬ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ከዳቦ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ሰው በሁለት ተከፈለ፦ ፈረሱ ይሻገራል የሚሉና ይወድቃል የሚሉ። የሴትዮዋን ደብዳቤ የባል ሞት ነው ያሉ ነበሩ፤ የለም፣ የባል መምጣት ነው ያሉም ነበሩ፤ ፊቷ የጠቆረውም ለዚያ ነው አሉ። ይርሳው ጆንያ ላይ ተጋድሞ ለእያንዳንዱ ቅምሻ ፍጻሜ ይሠራለታል። ሙሉውን ጠግቦ የበላ ሰው ይተኛል፤ የቀመሰ ግን ምራቁን እየዋጠ ያድራል። በሽቦ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ፣ ገና ያላለቀ ነገር ሁሉ የሱ ዘመድ ነው። ፈረሱ ከገደሉ በላይ ተንጠልጥሎ አደረ፤ ይርሳውም አብሮት አደረ።

በሁለተኛው እሁድ ያው ቆርቆሮ ታየ። ይርሳው አሁንስ አውቀዋለሁ፣ አልገባም ብሎ እስከ ማረጃው ደረሰ። ከዚያ ምናልባት ዛሬ ፈረሱ ትንሽ ወደፊት ሄዶ እንደሆነስ የሚል ሐሳብ መጣበት። ተመለሰ። ፈረሱ ያችው አየር ላይ ነበር።

ከሁለተኛው እሁድ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ እናኑ የምትባል የሾላ ሜዳ ቅቤ ሻጭ ወደ ሽቦው መጣች። ከውጭ የመጣ ሰው በሽቦው ቀዳዳ እቃ ቢያቀብል ዘበኛው አይከለክልም፤ ቅቤ ከሆነ እንዲያውም ያግዛል። ይርሳው ድምፅዋን አወቀ። እሷ ግን በዱቄት የተለበጠውን፣ ጺሙ ያደገ ሰው አላወቀችውም። እሱም ቶሎ ማንነቱን ሳይናገር፣ ለመሆኑ ሾላ ሜዳ ደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቃት።

ደህና ምን አለ ብላ ነገረችው። ይርሳው የሚባል ደግ ጎረቤታችን መንገድ ላይ ተገደለ፤ አህያው ብቻዋን ገባች፤ ሬሳው ስላልተገኘ በልብሱ ተለቀሰለት። አርባው ለጥር በዓለ ወልድ ይወጣል፤ ወንድም የሌለው ሰው ስለሆነ ክንዱ የሚባለው የሚስቱ ወንድም የሟቹን የእርሻ በሬ፣ ጉራችን፣ ሊያርድለት ነው።

ጉራችና ቦራ የይርሳው ጥማድ ናቸው። ከነሱ ሌላ ሀብት የለውም። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ደግሞ አንድ ጫማ እንዳለው ሰው ነው።

ይርሳው ሽቦውን ጨብጦ፣ ይርሳውማ እኔ ነኝ አላት። እናኑ ነጩን ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ አማተበች፤ ቅቤውን ከነቅሉ ጥላ ሮጠች። ሾላ ሜዳ ስትደርስ የተናገረችው እንዲህ ነው፦ የይርሳው ነፍስ መግነዟን እንደለበሰች ቡሬ ሽቦ ላይ ተሰቅላ ቅቤ ትለምናለች። መንደሩ ተሰብስቦ መከረ። ነፍስ እንዲህ እስክትለምን ከተራበች አንድ በሬ አይበቃትም አለ፤ ቦራም ተጨመረ።

ይህን ይርሳው አያውቅም። እሱ የሚያውቀው እስከ በዓለ ወልድ ድረስ ገና ጥቂት እሁዶች እንዳሉለት ነው። ሦስተኛው እሁድ በሬው ሊታረድ መሆኑን እያወቀ፣ ያችን የደብዳቤዋን ሴትዮ ሲያይ አለፈ። አራተኛውን የት እንዳደረሰው ሲጠየቅ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ባላገር ለሚጠላው ሰው «ከበሬና ከሚስት የሚለይህ ይዘዝብህ» ብሎ ይራገማል፤ ከበሬና ከሚስት የሚለየው ነገር የፈረስ ጥላ ይሆናል ብሎ ግን ማንም አላሰበም ነበር።

ጭንቀቱን ለአንድ ሰው ብቻ ነገረ፤ ለአያ ደረሰ። አያ ደረሰ ከጣሊያን በፊት የአጥቢያው ጭቃ ሹም የነበሩ፣ አሁን ግን በገዛ ከተማቸው ወረቀት የሚጠይቁ፣ ጥርሳቸው ያለቀ ምላሳቸው የተረፈ ሽማግሌ ናቸው። ሰምተውት ሲያበቁ ትንሽ ሳቁበትና፣ እሳቸውም ስለ ፈረሱ እያሰቡ እንቅልፍ ማጣታቸውን ነገሩት።

አምስተኛው እሁድ ጥር ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት ነበር። ፔፖ ከቆርቆሮው ጥግ እስካሁን ያላሳያት አንዲት ቅምሻ አግኝቶ ቀጠላት። አንድ ሀብታም ሽማግሌ ከወንድሙ ልጅ፣ ከሐኪሙና ከወጥ ቤቷ ጀምሮ ከስድስት የቤቱ ሰዎች ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጧል። የማን እንደሆነ የማይታይ እጅ ብርጭቆው ውስጥ ዱቄት ጨመረ። ሽማግሌው ጠጣ፤ ጉሮሮውን ያዘ፤ በግንባሩ ወደቀ። ስድስቱ ተያዩ። ገብረ ሕይወት አነበበ፦ «ገዳዩ ማን ነው? በቅርብ ቀን።»

ከጨለማው ውስጥ አያ ደረሰ በዘንጋቸው መሬቱን ሲመቱ ተሰማ።

«ደም ፈሷል» አሉ። «ሁለት መቶ ሰው አይቷል። አውጫጭኝ ሳንቀመጥ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም።»

አውጫጭኝ ያገሩ ሕግ ነው። ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲጠፋ ያጥቢያው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። አድራጊው እስኪታወቅ ማንም አይነሳም፣ ማንም ሥራ አይነካም። ያየ ሰው ለሽማግሎች በጆሯቸው ሹክ ይላል፤ ሽማግሎቹም ስሙን ሳይጠሩ «ወፍ ነገረችን» ይላሉ። ሰው ሁሉ የአያ ደረሰን ነገር ሲሰማ መጀመሪያ ተያየ፤ ቀጥሎ ትክክል ነው አለ። አንዳንዱ ጥላ መሆኑን ረስቶ ነው፤ አንዳንዱ ጥላም ቢሆን ነገሩ ሳይታወቅ አልችልም ብሎ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከመጋዘኑ ፊት ባለው ሜዳ ሁለት መቶ ሰው ተቀመጠ። ዳቦ የሚጋግር፣ ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚፈልጥ ጠፋ። ሻለቃው ሳቀ። ሲርባቸው ይነሳሉ አለ። የማያውቀው ነገር ቢኖር ያ ሰኞ የጾመ ነነዌ መጀመሪያ መሆኑን ነው፤ ሰዉ ቢነሳም የሚበላ አልነበረም። ዮናስ ሦስት ቀን በዓሣ ሆድ ውስጥ ተቀመጠ፤ እኛ አርባ ቀን ልንሞላ ነው፤ ሦስት ቀን ምናችን ነው እያሉ ተቀመጡ። የተራበው ሻለቃው ነው።

ፔፖ ተጠራ። ገዳዩን ንገረን ቢሉት አላውቅም አለ። እውነቱን ነበር፤ ምስኪኑ ከቅምሻው ሌላ አይቶ አያውቅም። ሽማግሎቹ ግን ግድያ አሳይቶ ገዳዩን የማያውቅ ሰው ራሱ ይጠረጠራል ብለው ከመካከል አስቀመጡት። በሁለተኛው ቀን ወፎች ይጎርፉ ጀመር። አሥራ አራት ወፍ የወንድሙን ልጅ ጠቆመች፤ ዘጠኝ ወፍ ወጥ ቤቷን። ሰባት ወፎች ሻለቃውን ጠቆሙ፤ እነሱን ሽማግሎቹ ለጊዜው እረፉ አሏቸው። በሦስተኛው ቀን ፔፖ ራሱ ተነስቶ ወደ አያ ደረሰ ጆሮ ተጠጋና፣ በገብረ ሕይወት አስተርጓሚነት፣ እሱ የሚጠረጥረው ሐኪሙን መሆኑን ሹክ አለ።

በአራተኛው ቀን ሻለቃው ያልተቀቀለ ምስር ቀርቦለት ገብረ ሕይወትን ወደ ሜዳው ላከው። አያ ደረሰ ብይናቸውን አዘጋጅተው ጠበቁት፦ ተጠርጣሪዎቹ ስድስቱም በሌሉበት ፍርድ የለም፤ ያሉት ደብረ ማርቆስ ሣጥን ውስጥ ነውና ሰው ተልኮ ሣጥኑ ይምጣ፤ ለመልእክተኛውም ይለፍ ይሰጠው።

የተመረጠው ይርሳው ነው። ከአያ ደረሰ ሌላ እውነተኛውን ምክንያት ያወቀ አልነበረም፤ ሁሉን ቅምሻ ከነባርኔጣው አሳምሮ የሚያወጋ እሱ ነበርና ተስማሚ መሰላቸው። ሻለቃው ስምንት ቀን ፈቀደ፦ አራት መሄጃ፣ አራት መመለሻ። ነገር ግን ዋስ ጠየቀ። መልእክተኛው በስምንተኛው ቀን ካልተመለሰ ዋሱ ይሰቀላል።

አያ ደረሰ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሱና እኔ ነኝ አሉ።

ይርሳው ወደ ጎን ወስዷቸው እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በክንዱ ያዙት።

«አያ ደረሰ፣ ለጥላ ብለው አንገትዎን ይሰጣሉ?»

«ሰውዬው ጥላ መሆኑንማ አጣሁት ብለህ ነው? ሽቦው ግን ጥላ አይደለም» አሉት። «ሂድ፤ በሬዎችህን አድን። ስትመለስ ግን ሣጥኑን አትርሳ፤ የወንድሙን ልጅ ነው የምጠረጥረው።»

ወረቀቱ ሐሙስ ተጻፈ፤ ማኅተሙ ግን በገብረ ሕይወት «በቅርብ ቀን» ሦስት ቀን ፈጅቶ እሁድ ቀትር ላይ ተመታ። በማግስቱ በዓለ ወልድ ነው። ይርሳው መንገድ ላይ አንድ ዘመዱ ቤት ጥቂት ጋደም ብሎ፣ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ሮጠ። ሾላ ሜዳ ሲደርስ ዳሱ ቆሟል፤ ካህናቱ ፍትሐቱን ደግመው ጨርሰዋል። ከዳሱ በስተጀርባ የጉራች ቆዳ ተዘርግቷል። ቦራ እግሩ ታስሮ በጎኑ ወድቋል፤ ክንዱ ቢላዋውን ይስላል።

ይርሳው ጮኾ በቦራና በቢላዋው መካከል ወደቀ። ዳሱ ባንድ ጊዜ ባዶ ሆነ፤ ሦስት ሴቶች ራሳቸውን ሳቱ፤ እናኑ ብቻ ቀድሜ ተናግሬ አልነበረም ወይ እያለች ቆመች። የነፍስ አባቱ መስቀላቸውን አንስተው ቀረቡት፤ ግንባሩን በመስቀሉ ነኩት፤ ትኩስ መሆኑን ሲያረጋግጡ ትንሽ ተከዙና፣ የተደገመ ፍትሐት ወደኋላ አይመለስም፣ ሲሞት ይታሰብለታል አሉ። ሰዉ በዚህ ተጽናንቶ ወደ ምግቡ ተመለሰ።

ሚስቱ ሀብትነሽ ከሁሉ ኋላ መጣች። ጸጉሯን ለሐዘን ተላጭታለች። ስታለቅስ ቆይታ፣ አብራው ቁጭ ብላ፣ እንዴት እንደቆየ ጠየቀችው። ይርሳው የማይዋሽ ሰው ነበር፤ ይህ ነው ጥፋቱ። ሽቦውን ነገራት፣ ዱቄቱን ነገራት፣ ዘበኞቹ እሁድ እሁድ ሽቦውን ትተው እንደሚሄዱም ነገራት። ከዚያ በኋላ ያለውን ለመንገር ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ፈረሱን፣ ደብዳቤውን፣ መርከቡን፣ ብርጭቆውን አወጋት። ስትሰማ ዓይኖቿ ሲፈጡ አየና ለአንድ አፍታ ተስፋ አደረገ።

ሲጨርስ ወደ ቆዳው አየች።

«ጉራች የታረደው ለየትኛዋ ነው?» አለችው። «ለፈረሱ ነው ለሴትዮዋ?»

ይርሳው ይልቁንም የባሰውን ተናገረ፤ ቀትር ሳይሆን መሄድ እንዳለበት፣ ከስምንቱ ቀን አንድ ሌሊት እንኳ ትርፍ እንደሌለው። ክንዱ ተቆጣ። ወረቀቱን ቅደደው፣ አርበኞች ዘንድ እንሄዳለን፣ ጣሊያን ሾላ ሜዳ ድረስ አይመጣም አለው። ይርሳው የአያ ደረሰን አንገት ነገረው። ክንዱም ቦራን ከእስራቱ ይፈታ ጀመር።

ሀብትነሽም ተነስታ ወደ ዳሱ ገባች። ከተስካሩ ድፎ ዳቦ ሁለቱን፣ ከጉራች ሥጋ አንድ ትልቅ ቁራጭ ጠቅልላ በስልቻ አሠረችለት። ቦራን ከጎረቤት ከሸጋዬ አንድ በሬ ጋር አቀናጅተው እንደሚያርሱ፣ ሸጋዬም እሺ እንደሚል ነገረችው። በር ድረስ ሸኝታው ቆመችና፣

«እርስዎ፣ ገዳዩ መጀመሪያ ያለቀሰው ነው» አለችው። «ለቅሶ ላይ አይቻለሁ። እስኪ ሣጥኑ ሲመጣ ይዩት።»

ወጀት ኬላ ላይ ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሁለት ዘበኞች ስልቻውን አስፈቱት። ድፎውንና ሥጋውን ሲያዩ፣ የተስካር ዳቦ መሆኑን አገላብጠው ካወቁ በኋላ፣ የማን ተስካር እንደሆነ ጠየቁት። የኔ ነው አላቸው። አንደኛው ወረቀቱን ገልጦ ስሙን አነበበ፤ ይርሳው እጅጉ። ለጓደኛው አሳየው። ሁለቱም ቆባቸውን ኋላ ገፍተው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ሳቅም ቁጣም አልመጣላቸውም። ታላቁ ዘበኛ ዳቦውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ቆረሰ። ሥጋውንም ቀመሱት፤ በሬው ጠንካራ አራሽ ሳይሆን አልቀረም አሉ።

ይርሳው አብሯቸው በላ። ርቦት ነበር። ከዚያ ስልቻውን አስሮ፣ ከፍ ባለው የእንጨት መዝጊያ ሥር አጎንብሶ አለፈ፤ መዝጊያው ከኋላው ወርዶ ሲቆለፍ ሰማ። ደብረ ማርቆስ ገና ሩቅ ነበር፤ እሱም እርምጃውን አፈጠነ።